ጀርባ አንባቢው ጋሽ ክፍሉ

ሦስት አበሻ በተሰበሰበበት አንዱ አራሚ ነው። ሁለቱ ያወራሉ፤ ሦስተኛው ዓመቱን፣ ቦታውንና የሰውየውን የአባት ስም ያስተካክላል። ለቅሶ ቤት አለ፤ ክርስትና ላይ አለ፤ መንጃ ፈቃድ ለማደስ ስትሰለፉ ከኋላችሁ ቆሞ የምትሄዱበትን መስኮት ያርማችኋል። ማንም አልሾመውም። ማንም ሊሽረውም አይችልም።

እኛ ጌይ አበሾችም እንደማንኛውም ሰው ነንና አንድ ደርሶናል። «ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ የለም» የምትሉ አንባቢዎች እዚህ ጋ ትንሽ አረፍ በሉ። አለን። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አለን፣ አሌክሳንድሪያ አለን፣ በልትስቪል እሑድ ጠዋት መዝሙር የሚመሩላችሁ አሉን። በፎቶ ማስረጃ አለን። የተነሳው ጀርባችን ስለሆነ እንጂ ታውቁን ነበር።

የእኛ ሊቀ አራሚያን ጋሽ ክፍሉ ይባላል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ሰላሳ ዓመት ታክሲ ነድቷል። አፉን የሚከፍተው ሁልጊዜ «አንዲት እርማት አለችኝ» ብሎ ነው። አንዲት ሆና ግን አታውቅም።

አንድ ጊዜ ለወጣቶቹ፣ በፕራይድ፣ በጌዮች ሰልፍ ላይ መጀመሪያ የወጣንበትን ቀን እየተረክሁ ነበር። ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ዘርግተን፣ ፊታችንን ከልለን፣ እንዴት በጀግንነት እንደሄድን። «አምስት ነበርን» አልኩ።

«አንዲት እርማት አለችኝ» አለ ጋሽ ክፍሉ ከጥግ። «ሦስት ነበራችሁ። ሁለቱ ጃንጥላ ናቸው።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት መወልወያ ይዤ ስለሆነ ታሪክ የተማርኩት ከሰው አፍ ነው። የራሳችንን ታሪክ ደግሞ የተማርኩት፣ እያረመ እያበሸቀኝ፣ ከዚህ ሰው አፍ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዱፖንት ሰርክል ዙሪያ የጌይ ባር ሞልቶ ነበር። ችግሩ መግቢያው ሳይሆን መውጫው ነው። እጅህን አንስተህ የምታስቆመውን ታክሲ የሚነዳው ወይ የአክስትህ ባል ነው፣ ወይ ከእናትህ ጋር የሚያስቀድስ ሰው። ስለዚህ የእኛ ሰው ሦስት ብሎክ በእግሩ ይሄድና አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ቆሞ በጃማይካ እንግሊዝኛ ታክሲ ይጠራል። ሾፌሩም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ «ወዴት ነህ ወንድሜ?» ይለዋል።

ክፍሉ ይህን አይቶ ታክሲውን ባሩ ጥግ ላይ ማቆም ጀመረ። የገባውን ዜጋ (እኛ እርስ በርሳችን የምንጠራራው እንዲህ ነው) ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ አይለውም። ቤቱ ያደርሰዋል። ተሳፋሪው ወርዶ፣ ቁልፉን ፈልጎ፣ በሩን ከፍቶ እስኪገባ ድረስ ክፍሉ ንቅንቅ አይልም። ሰውን ሁሉ ከኋላ ማወቅ የለመደው ያኔ ነው። ፊታችሁን ይረሳው ይሆናል፤ ጀርባችሁን ግን በሃያ ዓመቱም ይለየዋል።

በ1996 እነዚያን ተሳፋሪዎች ሰብስቦ አሌክሳንድሪያ፣ ጆንስ ፖይንት፣ ከድልድዩ ሥር ወንዙ ዳር አወጣቸው። ከዕንቁጣጣሽ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ። በቀን የሆነው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ቅዳሜ እኩለ ቀን አበሻ ባለታክሲ ሁሉ ኤርፖርት ነው» አለኝ።

ሁለት ሕግ አለን። አንደኛ፣ ምግብ ይዘህ ትመጣለህ፤ ማን እንደሠራው ግን አይጠየቅም፣ አይነገርምም። መጀመሪያ ላይ ወጡን የሚሠሩት እናቶችና እህቶች ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ያለብን እየመሰላቸው። የወጡን ባለቤት መጥራት ቤተሰቡን መጥራት ነው። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ወንዙን እያየን፣ ለካሜራው ጀርባችንን ሰጥተን ፎቶ እንነሳለን። ክፍሉ ያነሳል። ከማንሳቱ በፊት ቆጥሮ፣ ሲታጠብ ከፎቶው ኋላ ይጽፋል፦ «1997። አሥራ አንድ ሰው።» ስም የለም። ስሙ ክፍሉ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

አምና ክፍሉ ግላኮማ እንዳለበት ተነገረው። ዓለምን የሚያየው እንደ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦውም እየጠበበ ነው። እነዚያን ፎቶዎች የያዘውን አልበሙን ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም። እሱ ማየት ካቆመ እነዚያ ሰዎች ሁሉ የጨርቅ ክምር ናቸው።

እዚህ ላይ ናዝራዊት ገባች። እዚሁ የተወለደች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ናት። መሥሪያ ቤቷ የአካባቢውን ጌዮች ታሪክ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ሊያደርግ ነው፤ አልበሙን ከነስሙ ፈለገች። እኔም ደገፍኳት፤ ዝም ማለት አልችልበትምና።

«ጋሽ ክፍሉ፣ ሰላሳ ዓመት ጀርባ በቃን! ዘንድሮ ዞረን እንነሳ!» አልኩት።

«አንዲት እርማት አለችኝ። ሰላሳኛው ፎቶ ገና በመስከረም ነው።»

«እሺ፣ የቀድሞዎቹን ስም ንገረን። ዓይንህ እያለ።»

«የሕያው ስም የራሱ ነው፤ የሙት ስም የቤተሰቡ ነው። እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ።»

«ቤተሰቡ እኮ ነው የቀበራቸው! ያውም ሁለት ጊዜ!»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

መነጽሩን ለምን እንዳወለቀ አውቃለሁ። ይህ የሁሉ አራሚ በሕይወቱ አንድ እርማት ውጧል። ዓብዩ የሚባል ሰው ነበር። ከክፍሉ ጋር ሰባት ዓመት አንድ ቤት ኖረዋል፤ ሰው ሁሉ ደባሉ ነው ይል ነበር። በ1998፣ ያኔ ብዙዎቻችንን በወሰደው፣ ስሙ በማይነሳው በሽታ ሞተ። ቀብሩ ላይ እህቱ የሕይወት ታሪኩን አነበበች፦ «ወንድማችን ትዳር ለመያዝ በዝግጅት ላይ ሳለ...» ክፍሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝም አለ።

እንግዲህ ናዝራዊት ኤግዚቢሽኑን ለማስተዋወቅ ክፍሉ ያለ ስም የፈቀደላትን የ1997ቱን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። በሳምንቱ ስልክ መጣላት። «ጋሽ ክፍሉ፣ አንዲት ሴትዮ ከስፕሪንግፊልድ ኮል አደረገችኝ» አለችው። «ውብነሽ እባላለሁ አለች። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰው ወንድሜ ነው፣ መጥቼ ልየው አለች። ስለ ስም ያልከውንም ነግሬያታለሁ። ኢዝ ዛት ኦኬ?»

ጋሽ ክፍሉም «ከዕንቁጣጣሽ በኋላ በቅዳሜው ትምጣ» አለ።

ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ ሙሉ ንግግር እያዘጋጀሁ ነዳሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ መውጫውን ያርመኛል። እኔ ግን በዓብዩ እህት ንዴቴ ላይ ነኝ። «'ሃያ ሰባት ዓመት የት ነበርሽ?' ብዬ ነው የምጀምራት!» አልኩ።

«አንዲት እርማት አለችኝ። ሴትዮዋ በዕድሜ ትበልጥሻለች። 'የት ነበሩ' ነው የሚባለው።»

ወይዘሮ ውብነሽ (ታርሜያለሁ) በሰዓታቸው መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ነጭ ስኒከር፣ ፈጣን እርምጃ። በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ሳምቡሳ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ።

ሃያ ሦስት ሰው ማኘክ አቆመ። በሰላሳ ዓመት ውስጥ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የምግቡን ባለቤት የተናገረ የለም። ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ሴትዮዋ ሕጋችንን አያውቁም፤ ሳያውቁ ግን ቤተሰባቸውን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡት።

ጋሽ ክፍሉ ተነስቶ አንድ ሳምቡሳ አነሳ። ቀመሰ። «ጨው ያንሰዋል» አለ። ሁላችንም ተነፈስን።

ከዚያ አልበሙን ገልጦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ወይዘሮ ውብነሽ ወዲያው ጣታቸውን አረንጓዴው ሹራብ ላይ አደረጉ።

«ይሄ ነው። ዓብዩዬ። ሹራቡን በእጄ ሠርቼ ነው የሰጠሁት።»

«ወይዘሮ ውብነሽ፣ አንዲት እርማት አለችኝ።»

በእግሬ ልረግጠው ፈለግሁ። ዛሬ እንኳን!

«ሹራቡ የእርስዎ ነው» አለ ጋሽ ክፍሉ ቀስ ብሎ። «ሰውየው ግን እሱ አይደለም። የዚያን ቀን አንድ ልጅ ታሞ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓብዩ አውልቆ አለበሰው። ዓብዩ ከጎኑ ያለው ነው። ባለ እጅጌ ጉርዱ። ግራ ትከሻው ዘመም ያለው።»

ወይዘሮ ውብነሽ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ብርድ አይችልም ነበር እኮ» አሉ። «እንዴት እርግጠኛ ሆኑ? ከጀርባ ብቻ?»

«ሰባት ዓመት ቁርስ ሲጠብስ ያየሁት ጀርባ ነው።»

ከላይ መኪናው ድልድዩን እያንጓጓ ያልፋል።

«የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ።

«አውቃለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።»

«ያኔም እርማት ነበረዎት?»

«ነበረኝ።»

«አሁን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ክፍሉ መነጽሩን አወለቀ። «'ትዳር ለመያዝ በዝግጅት ላይ ሳለ' ይላል» አለ። «ዝግጅት ላይ አልነበረም። ሰባት ዓመቱ ነበር።»

ሴትዮዋ አለቀሱ፤ ጮክ ብለው ሳይሆን፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚያለቅስ ሰው። በኋላ አፍንጫቸውን በናፕኪን ጠርገው፣ «የሙት ስም የቤተሰቡ ነው ብለዋል አሉ» አሉት።

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ከእኔ በፊት የእርስዎ ነው። ይጻፉት።»

ናዝራዊት እየተነፋረቀች ከፎቶው ኋላ «ዓብዩ» ብላ ጻፈች። በሰላሳ ዓመት ጀርባ ላይ የተጻፈ የመጀመሪያው ስም ነው። ወይዘሮ ውብነሽ ግን አልበሙን መግለጥ አላቆሙም። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ፎቶ አለፉ። «እርስዎስ የትኛው ነዎት?» አሉት።

«እኔ ነኝ የማነሳው።»

«ጋሽ ክፍሉ፣ ዋት?» አለች ናዝራዊት። «አንተ የትም የለህም እኮ! ቁጥሩ ውስጥም ራስህን አልቆጠርክም!»

ሃያ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሲያርመኝ ኖሯል። እኔም፣ ስለ ተረሱ ሰዎች ስጮህ የኖርኩት ሴት፣ ይህን አንድ ስህተት አላየሁለትም። አፈርኩ።

ፎቶ የምንነሳበት ሰዓት ደረሰ። ወጣቶቹ፣ ለዓይኑ ሲሉ፣ ዘንድሮም በጀርባ ይሁንለት ብለው ተስማምተዋል። ክፍሉ እንደ ልማዱ ቆጠረ፤ እኔን ጨምሮ «ሃያ ሦስት» አለ፤ ናዝራዊት ጻፈች። ካሜራ ሊይዝ ሲል ስልኬን አወጣሁና፣ «ዘንድሮ እኔ ነኝ የማነሳው፤ ሂድ ቁም» አልኩት።

«አንቺ ማንሳት አትችይም።»

«ሂድ አልኩህ!»

ሄደ። ሃያ ሁለት ጀርባ ወደ ወንዙ ዞሮ ቆሟል፤ እሱም ጫፍ ላይ ገባ፣ ጀርባውን ሰጠኝ። የእሱን ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት። ጠባብ ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ተሳፋሪው በሩን እስኪከፍት እንደሚጠብቅ።

«ዝግጁ!» አልኩ።

«ድምፅሽ በጣም ቀርቧል» አለ ሳይዞር። «ድልድዩ አይገባም።»

«ይገባል!»

«አይገባም! አንዲት እርማት...» አላስቻለውም። ዞረ። እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ «ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ!» ብሎ ጮኸ። ጣቴ ስልኩን ነካ።

ሃያ ሁለት ጀርባና አንድ ፊት። የጀርባ ሕግ ጠበቃው ፊት።

ስልኩን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየ። ፊት፣ ፊት ስል የኖርኩት እኔ በድንገት ፈራሁ። ፊቱ የእሱ ነው፤ የእኔ ንዴት አይደለም። «ላጥፋው?» አልኩት።

«አንዲት እርማት አለችኝ።»

«እሺ፣ አጠፋዋለሁ።»

«ማን አጥፊ አለሽ? ናዝራዊት 'ሃያ ሦስት ሰው' ብላ ጽፋለች። ከአንሺዋ ጋር ሃያ አራት ነን።»

ቆጥሮ የነገራት ራሱ ነው። ራሱን ሲያርም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥሎ እስክሪብቶ ጠየቀ። «የ1996ቱን አውጪና ገልብጪው። እኔ መስመሩ አይታየኝም፤ አንቺ ጻፊ።» ሰው ሁሉ ትሪውን ሰብስቦ እስኪሄድ ድረስ እዚያው ተቀምጠን ሃያ ዘጠኝ ፎቶ አረምን። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰው ይጎድል ነበር፤ ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው። የእጅ ጽሑፌ ጠማማ ነው ብሎ አራት ጊዜ አረመኝ።

ዝም አልኩለት።