ብሮሹር ላይ የሌለ ቃል

እኛ ሰዎች «እኔ አለሁ» ማለት ስንወድ! ለቅሶ ቤት እንላለን፣ ሆስፒታል እንላለን፣ ቤት ለሚቀይር ወዳጅ ደግሞ ሳንጠየቅ እንላለን። «እኔ እያለሁ ሰው ትቀጥራለህ? ቅዳሜ በጠዋት ከች እላለሁ!» ቅዳሜ ጠዋት ስልካችን አይነሳም። እናንተን አላልኩም፤ ጎረቤታችሁን ነው። ደግሞም የሚቀየም የለም። ሰሚውም ነገሩ የአፍ ወግ መሆኑን ስለሚያውቅ «አንተ እኮ ወንድሜ ነህ» ይልና ዞር ብሎ ሰው ይቀጥራል። ችግር የሚመጣው ይህን ሕጋችንን ለማያውቅ ሰው የተናገርን ዕለት ነው።

እኔን የገጠመኝ በሥራዬ ላይ ነው። ሥራዬን ስናገር ሰው ስለሚስቅ ቀስ ብዬ ልናገር። ኮሎምበስ ውስጥ ላለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተማሪ እመለምላለሁ፤ የምመለምለውም ከቬትናም ነው። ሐበሻ ሆኖ፣ ኦሃዮ ተቀምጦ፣ ቬትናም! ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንድ አዛውንት «የእኛን ልጆች ጨርሰህ ነው?» ብለውኛል። ድሮ እዚያው ድረስ በርሬ፣ በየትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ዘርግቼ ነበር የምሠራው። ወረርሽኙ መጣና ሁሉም ነገር ሲቆም ግን ፒከሪንግተን ያለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ፣ ልብስ ማድረቂያው አጠገብ ቢሮ ከፈትኩ። እኛ ጋ ሲመሽ እነሱ ጋ ይነጋል፤ እኔ ራቴን በልቼ ስወርድ ወላጆቹ ቁርሳቸውን በልተው ይጠብቁኛል።

አንድ ምሽት ሃይፎንግ የምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ከሚሸጥ ሁንግ ከሚባል አባት ጋር ተገናኘን። እንግሊዝኛ አይችልም፤ የምታስተረጉምለት ልትማር የፈለገችው ልጁ ላን ናት። የላን ልብ ከተነሳ ቆይቷል፤ ኮሌጁም ተቀብሏታል፤ የቀረው የአባቷ «እሺ» ብቻ ነው። እኔም ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ መኝታ ክፍሉ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩለት። በጥሞና ሰማኝና አንድ ነገር ጠየቀ። የላን ፊት ቀላ። ብትፈልግ ሌላ ጥያቄ ፈጥራ ልታልፈው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

«አባቴ የሚለው፣ ልጄ ብትታመም በሯን ማን ያንኳኳል?» አለችኝ።

ጊዜው ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ፤ ሰው የገዛ ወንድሙ ሲያስነጥስ በሩን የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። የጥያቄው ትክክለኛ መልስ ብሮሹሩ ላይ አለ፦ ክሊኒኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የድንገተኛ ጊዜ ስልኩ። አለቃዬም፣ እግዜር ይስጣትና ደግ ሴት ናት፣ ብሮሹሩ ላይ የሌለ ቃል እንዳንገባ ጠዋት ማታ ትመክረናለች። እኔ ግን የሰውየውን ዓይን አየሁና አፌ አመለጠኝ። «እኔ አለሁ» አልኩ። ላን ተረጎመች። ሁንግ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ካሜራው ከፍ አደረገው። ላን ማልቀስ ጀመረች። ተፈቀደላት ማለት ነው።

ለባለቤቴ ለመሠረት ይህን ስነግራት እየሳቅሁ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። መሠረት ሆም ኬር ነው የምትሠራው፣ በየቤቱ እየሄደች አቅመ ደካማ መንከባከብ፤ ታሞ በሩን የሚያንኳኳለት የሌለውን ሰው በየቀኑ ታያለች። «እና መቼ ነው የምትመጣው? ካፖርት አላት?» አለችኝ።

በዓመቱ መጣች። ሐበሻ አንድ ሰው ለመቀበል እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ፤ መሠረት የቤተ ክርስቲያኑን እህቶች አስከትላ፣ አበባና ካፖርት ይዛ ኤርፖርቱን ሞላችው። ላን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ኮሌጁ የቱ እንደሆነ ግራ ገባት። ክረምት ላይ ትኩሳት ያዛት። አባቷ የደወለው ለኮሌጁ አይደለም፣ ለእኔ ነው። ቋንቋ የለንም፤ «ላን! ላን!» ብቻ ነው የሚለው። ገባኝ። መሠረት አጥሚት አፈላች፣ እኔ መኪናው ላይ የተቆለለውን በረዶ ጠረግሁና ሄድን። የመኝታ ክፍሏን በር በእጄ አንኳኳሁ። ከውጭ ቆመን፣ በማስካችን ውስጥ እየጮኽን አጫወትናት፤ አጥሚቷንም እስከ መጨረሻው ጠጣች።

ዳነችልን፤ ጌታ ይመስገን። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ናት፤ አንድ ቃል አማርኛ ሳታውቅ ስብከቱን ከእኛ ልጆች ይበልጥ አዳምጣ ትወጣለች። በዚያ ምሽት አፌ ስላመለጠኝ ስንቴ እንዳመሰገንኩ።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ከኮሌጅ የተመረቀችው ልጄ ሊያ አንድ ቀን «ዳድ፣ አይ ጎት ዘ ጆብ!» ብላ ዘላ መጣች። ደስ አለኝ። ሥራው እዚሁ ኮሎምበስ፣ ፖላሪስ ሰፈር መስሎኝ ነበር። ለካ ሃይፎንግ ነው፤ እንግሊዝኛ ልታስተምር፣ ላን አማክራት! ሩቅ ነው አልኩ፣ ሰው አታውቂም አልኩ፣ እዚሁ ምን ጎደለሽ አልኩ። ለእያንዳንዱ መልስ አላት፤ መልሶቹም ሁሉ የእኔው ናቸው። ለካ እኔ ከታች ለቬትናም ወላጆች ስሰብክ እሷ ከላይ ሆና ስትሰማ ኖራለች። የሰውን ልጅ ከቤቱ አስወጥቼ የምኖር ሰውዬ የገዛ ልጄን መሸኘት አቃተኝ።

በመጨረሻ ላንን አጠገቤ አስቀምጬ ሁንግ ጋ ደወልን። ትምህርት ቤቱን አልጠየቅሁም፣ ሰፈሩን አልጠየቅሁም። «ልጄ ብትታመም በሯን ማን ያንኳኳል?» አልኩ። ላን ሳቋን እየዋጠች ተረጎመች፤ መልሱንም አመጣችልኝ። «እኔ አለሁ ይላል።»

በአንድ አፍታ ወዳጆቼ የገቡልኝ ቃል ሁሉ፣ ሳይነሳ የቀረው ስልክ ሁሉ በፊቴ አለፈ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ይሄ በእናንተ አገር ሰው እንዲያው ለወጉ የሚለው ነገር ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ላን ግራ ገብቷት አየችኝ። «እንዲያው ለወጉ ለምን ይባላል?» አለች።

የውሃ ብርጭቆዬን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ካሜራው ከፍ አደረግሁ።

ሊያ በሄደች በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ ላከች። ኤርፖርት ነው። ሁንግ አለ፣ ሚስቱ አለች፣ አያት፣ አክስት፣ ማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ መሐላቸው የእኔዋ ልጅ አበባ ታቅፋለች። «ዳድ፣ ዘይ ኦል ኬም!» ብላለች፤ ሁሉም መጥተውላታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አመሰገንኩም።

እንባዬን ስጠርግ ደረጀ ትዝ አለኝ። ደረጀ ሂሊያርድ የሚኖር ወዳጄ ነው፤ በዚያ ቅዳሜ ቤት እንደሚቀይር ሲነግረኝ ምላሴ እንደ ልማዷ «እኔ አለሁ!» ብላለት ነበር። ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ። ስደርስ የቀጠራቸው ሰዎች ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ እሱም ገና ከአልጋው አልወረደም። ደጋግሜ አንኳኳሁ። በፒጃማው ከፈተልኝ፣ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ፣ ከኋላዬም ሌላ ሰው ፈለገ።

«እንዴ!» አለኝ። «የምርህን ነበር እንዴ?»