ድስት ይዞ መዝናኛ ፓርክ ስለመግባት

ማክሰኞ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ከቀኑ 9፡00 ተብሎ 9፡50 የተጀመረ፤ ዶሮ ማነቂያ፣ በእድራችን ዕቃ ቤት።

የተገኙ፦ አቶ ሉልሰገድ (ሊቀመንበር)፣ ወ/ሮ የሺ (የወጥ ቤት ኃላፊ)፣ ወ/ሮ ሀኒፋ (የዕቃ ቤት ኃላፊ)፣ አቶ ሙደሲር (አባል)፣ ምኞት እምሩ (ጸሐፊ)።

ያልተገኙ፦ አቶ ገብረክርስቶስ፤ ትናንት ወደ ተመደቡበት ፉሪ ገብተው ዛሬ መምጫ ታክሲ አጥተዋል። ከስድስት አምስት ስለተገኘ ምልአተ ጉባኤ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የነገው ሽርሽር

ሊቀመንበሩ እንዳስረዱት፣ ሰፈሩ ከሐሙስ ጀምሮ ስለሚፈርስና ነዋሪው በየአቅጣጫው ስለተመደበ፣ ነገ ሁሉም መዝናኛ ፓርክ ሄዶ ለመጨረሻ ጊዜ ከአንድ ትሪ ሊበላ ታስቧል። ረቡዕ የተመረጠው ክርስቲያኑ ስለሚጾም ነው፤ ሥጋ ከሌለ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለአንድ ማዕድ ይቀርባል። ሆኖም ፓርኩ በር ላይ «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ መጻፉን አቶ ሙደሲር በዓይናቸው አይተው መጥተዋል።

አቶ ሙደሲር እዚያው ካፌ በርገር ይገዛ አሉ። ወ/ሮ የሺ በረቡዕ ምድር በርገር የሚያበላቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሮ ሀኒፋም አርባ ዓመት ደጅ ለደጅ ኖረው፣ እሳቸው ወደ አራብሳ፣ ወ/ሮ የሺ ወደ ገላን ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ይዞ ፊቱን አዙሮ ቢበላ ምኑ መሰነባበት እንደሆነ ጠየቁ። የበርገሩ ሐሳብ ውድቅ ተደረገ።

አጀንዳ 2፦ ምግቡ እንዴት ይግባ

ወ/ሮ ሀኒፋ ድስቱ በአንቀልባ ታዝሎ ይግባ አሉ። ሊቀመንበሩ የእድሩ ድስት ሃምሳ ሰው የሚያበላ መሆኑን አስታውሰው፣ ይህን የሚያህል ሕፃን ዘበኛው ዝም ብሎ እንደማያሳልፍ ገለጹ። አቶ ሙደሲር ሽሮው በፔርሙዝ፣ እንጀራው ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ይግባ አሉ። ወ/ሮ የሺ ከአቶ ሙደሲር ወገብ የተፈታ እንጀራ እንደማይቀምሱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ተይዟል።

በዚህ መሀል ሽሮውን ማን ይሥራ በሚለው ሁለቱ ወይዘሮዎች ተኮራረፉ። የየሺ ሽሮ ይቀጥናል፣ የሀኒፋ በርበሬ ይበዛበታል ተባባሉ። ጸሐፊዋ የሁለቱንም ስትበላ ያደገች በመሆኗ ሁለቱም እውነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን የጠየቃት የለም።

በመጨረሻ ወ/ሮ የሺ፣ ለለቅሶ የሚሄድ ምግብ በር ላይ ተይዞ እንደማያውቅ ገልጸው፣ ጥቁር ለብሰን እዝን ይዘን እንግባ አሉ። መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ምን ለቅሶ አለ የሚለው የጸሐፊዋ ጥያቄ በጊዜ ማጣት ታልፎ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ለፓርኩ ማሳወቅ

ሊቀመንበሩ ውሳኔው ሕጋዊ ይሁን ብለው በጉባኤው ፊት ደወሉ። የፓርኩ ሠራተኛ በትሕትና አዳምጠው፣ ሐዘንተኛ ምግብ እንደማይከለከል ገለጹና ሟች ማን እንደሆኑ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ አቶ ሙደሲርን ተመለከቱ። አቶ ሙደሲር እሳቸው እንደማይሞቱ አስታወቁ።

ያን ጊዜ ወ/ሮ የሺ ስልኩን ተቀብለው «ሰፈራችን ነው ልጄ። ቀብሩ ሐሙስ ነው» አሉ።

ሠራተኛው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ዘጉ። ወ/ሮ ሀኒፋ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ወ/ሮ የሺም አቅፈዋቸው አለቀሱ። ጸሐፊዋም አልቅሳለች፤ ይህ መስመር የተንጋደደው ለዚህ ነው።

ውሳኔ

በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 7 መሠረት፣ በሰፈሩ ሞት ሲሰማ ማንኛውም የደስታ ዝግጅት ይሰረዛል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ምግብ ከየቤቱ ይመጣል። ሞቱ በአባል አንደበት ለጉባኤው ስለተነገረ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሽርሽሩ ቀርቶ ድንኳኑ ዛሬውኑ በወ/ሮ የሺና በወ/ሮ ሀኒፋ ደጅ መሀል ይተከላል።

ስብሰባው 11፡35 ላይ ካስማ የሚይዝ ሰው በማስፈለጉ ተበትኗል። ሐዘንተኛው ማን፣ አጽናኙ ማን እንደሆነ ጉባኤው መለየት ስላልቻለ፣ ሁሉም እንዲቀመጥ ሁሉም እንዲያስተናግድ ተወስኗል።