የበሬው ሥዕልና የወረቀቱ ጀርባ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቢሆንም ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት።

እንደምታውቁት በየሳምንቱ ከመካነ ሰላም ላይቭ እየገባሁ ሥዕል አስተምራለሁ። የዛሬው ርዕስ የወረቀት አመራረጥ ነበር። መነጽሬን ዝቅ አድርጌ «የሚያብለጨልጭ ወረቀት አትመኑ፤ ሸካራ፣ ወፈር ያለ፣ ቀለም የሚጠጣ ይሁን» እያልኩ ስቀባጥር፣ ባለቤቴ ዘይነባ ከስልኩ ኋላ ቆማ፣

«የጃንሆይን ነግረሃቸዋል?» አለችኝ።

አለቀልኝ!

ኮሜንቱ ዘነበ። «የምን ጃንሆይ?» «ማዘር ይናገሩ!» ስልኩን ጠረቀምኩት። ግን እስከ መቼ? በቃ፣ ልናዘዝ።

ዘመኑ ስልሳ ሰባት ነው። ርሃቡ ገና ከላያችን አልወረደም። ጃንሆይ ከዙፋን ወርደዋል፣ ዘማች ተማሪዎች መጥተዋል፣ መሬት ላራሹ ሆኗል። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ እጄ ሥዕል ይሞክራል፣ አፌ ደግሞ ከእጄ ይቀድማል። ዘማቾቹ ለመሠረተ ትምህርቱ ሥዕል የሚሥልላቸው ሰው ፈለጉ። ደመወዙ ስንዴ ነው። እቤት አምስት ታናናሾች አሉኝ። ይሄ ሥራ እንዲያመልጠኝ አልፈለግኩም።

«የገበሬ ማኅበሩ ሲመሠረት ገበያው መሀል የሚሰቀል ጥማድ በሬ ሣልልን። ካማረ ሥራው ያንተ ነው» አሉኝ።

ዘይነባ ያኔ የጎረቤታችን የሸኹ ልጅ ነች። አባቷ ቁርኣን ለሚያቀሯቸው ደረሶች ቀለም የምትበጠብጠው እሷ ነበረች። ቀለም ልለምናት ብሄድ፣ የእርዳታ ዱቄት ወተት የመጣበትን ቡናማ የወረቀት ከረጢት ቀድዳ ጨመረችልኝ። «ይሄ ቀለም ይጠጣል» አለች።

ቀለሙን ይዤ ወረቀቱን ትቼላት ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? አፈርኩ። ያንን ወተት ተሰልፈን የጠጣን ሰዎች ነን። ርሃባችንን ገበያ መሀል ልስቀለው?

ባለሱቁ ዘንድ ሄጄ ትልቅ የግድግዳ ካላንደር አገኘሁ። ጀርባው ነጭ፣ ልስልስ፣ ፊት ያሳያል። ፊቱ ላይ ጃንሆይ አሉ፤ እኔ የምፈልገው ጀርባውን፣ ምን ቸገረኝ? ባለሱቁማ እየሳቀ ነው የሰጠኝ። ከቤቱ የሚያወጣለት ሰው ሲፈልግ ነበር ለካ።

በዕለቱ ሥዕሉ ተሰቀለ። በሬ ካየን ከርመናልና ሕዝቡ ተጠጋ። ቀለሙ ግን ወረቀቱ ውስጥ አልገባም፤ ላዩ ላይ ነው የተኛው። ካፊያ ቢጤ ጣል ሲያደርግ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ የበሬው ዓይን ፈሰሰ። ቀጥሎ እግሩ።

«ኧረ ይሄ በሬ ያለቅሳል» አለ አንዱ።

በድንጋጤ ዘልዬ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ገለበጥኩት ወገን!

ጃንሆይ ሙሉ ማዕረጋቸውን እንደለበሱ ብቅ አሉ። አንድ ሽማግሌ ከልማድ ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

የዘማቾቹ መሪ ቀረበኝ። «ይሄ ምንድን ነው?» ስለ ስንዴው ማሰብ ትቼ ስለ አንገቴ ማሰብ ጀመርኩ።

ዘይነባ ከሰው መሀል ወጣች። «ወረቀት ቸግሮት ነው እንጂ ንጉሥ ናፍቆትስ አይደለም፣ ወላሂ» አለችው።

መጀመሪያ የሳቀው መሪው ራሱ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ያህል ሰው ባንዴ ሲስቅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። እያፈርኩም ደስ አለኝ።

እሷ እዚያው ከነቀለሙ ይዛው የመጣችውን ቡናማ ወረቀት ዘርግታ በሬ ሣለች። ቀንዱ ትንሽ ጠማማ ነው። ቀለሙን ግን ወረቀቱ ጥጥት አድርጎታል፤ ካፊያው ሲነካውም ንቅንቅ አላለም።

ሥራው የእሷ ሆነ!

መሪው «ሌላ ምን ያስፈልግሻል?» ቢላት፣ «ወረቀት የሚቆርጥልኝ» አለችና ወደ እኔ ጠቆመች። «ለሱም ስንዴ ስፈሩለት፤ እቤቱ ሕፃናት አሉ።»

ይኸው ሃምሳ ዓመት እቆርጣለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ቀን ወረቀቱን አስተካክዬ መርጬ ቢሆን ኖሮ ማን ታገባኝ ነበር?