ካባው የተገባው
ቃል ሲገባ የሚያምርበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። እንጅባራ አጠገብ የምሠራበት የድንጋይ ካባ ሥራ አስኪያጅ ነው። ለመሆኑ ተራራ የሚገፈፍበትን ቦታ «ካባ» ብሎ የሰየመው ማን ይሆን? ልብስ መስሎት ይሆን?

ሰውየው ሥራ አያውቅም አልልም። የፈረሰ ኮንክሪት እያስመጣ እንደገና ጠጠር ያስፈጫል፤ አቧራውም እንዳይነሣ ውሃ ያስረጫል። ለባለመሬቱ ለአያ ስንሻው ደግሞ፣ «የላዩን አፈር ለይተን እናስቀምጣለን፤ ድንጋዩ ሲያልቅ መሬቱን መልሰን እናለብሰዋለን» ብሎ ነበር። አያ ስንሻው ድንች ሊተክሉ ጠበቁ። ድንጋዩ አለቀ፤ አፈሩ ግን ለቢሮው የአበባ መደብ ዋለ። ጽጌረዳው፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል።

አምና ሰውየው «የአካባቢ ተቆርቋሪ» ተብሎ ሊሸለም እዚያው ድንኳን ተተከለ። የክብር ካባውን እንዲደርቡለት የተመረጡት አያ ስንሻው ነበሩ። ካባውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ የሚጠብቀውን ሥራ አስኪያጅ ግን አልፈውት ሄዱ። ከተቆረጠው ገደል ሥር ቆመው ቋጥኙ ላይ ደረቡት።

«አያ፣ ለእኔ እኮ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የታረዘ አልብሱ ያላችሁኝ መስሎኝ» አሉ አያ ስንሻው። «አንተማ ኮት ለብሰሃል።»

ያ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ አንዷን ቋጥኝ እንኳ አልሸፈነም።