ምሳ ያስቀረው ኮምፒውተር

ስለ ኮምፒውተር ትንሽ የሚያውቅ ሰው ብዙ ከሚያውቀው ይልቅ እንደሚያወራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልብ ብያለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነኝና።

ድሬዳዋ መሀል ከተማ አንዲት የትርጉም ቢሮ አለችኝ። ከግድግዳዬ ማዶ ጎረቤቴ ሆዳን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። የደንበኞቿ ፍላሽ በየቀኑ ቫይረስ ሲያራግፍባት በዊንዶውስ ፈንታ ቫይረስ የማይደፍረውን ሊኑክስ ልጫንልሽ ብዬ ለመንኳት። ለመንኳት ማለቱ ይሻለኛል እንጂ ነዘነዝኳት። እሺ ስትለኝ ጫንኩላትና ሁለት ወር ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ አመል ያወጣው። ለምሳ ልትዘጋ ከኮምፒውተሩ ለመውጣት ሎግ አውት ስትል ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ ትነግረኛለች፤ መጥቼ ስሞክረው በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። የስክሪኑን ድራይቨር ቀየርኩ፣ ኢንተርኔት ላይ የማላውቃቸውን ፈረንጆች ሁሉ ጠየቅኩ። በአራተኛው ቀን ምን ብዬ ብደመድም ጥሩ ነው? ለእኔ ከሠራ ጥፋቱ የእሷ ነው አልኩ። ወረፋ በያዙ ደንበኞቿ ፊት የሎግ አውት አደራረግ አስተማርኳት፤ ማውስ አያያዟን ሳይቀር አረምኩ። ሶኬቱን ብትነቅይ ፋይልሽ በሙሉ ይጠፋል ብዬም አስፈራራኋት። እሺ ብላ ወደ ደንበኞቿ ዞረች።

የድሬን ቀትር ለማታውቁ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከተማው ይዘጋል። ሰው ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላል፣ ጋደም ይላል። ይህን ሥርዓት በማክበር የሚቀድመኝ የለም። ኮምፒውተሬን ድርግም አድርጌ በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤቴ ነው።

አንድ ቀን ሳቢያን ደርሼ መነጽሬን መርሳቴን አወቅኩና ተመለስኩ። መንገዱ ጭር ብሏል። የሆዳን በር ገርበብ ብሎ ስላየሁት አንገቴን ባስገባ፣ ከደረቀው ስክሪን ፊት ተቀምጣ በካርቶን ታራግባለች።

"ምን ላድርግ፣ አትንቀዪ አልከኝ፤ እንዲህ ትቼው እንዳልሄድ ደግሞ ፈራሁ። ይሄው ሳምንቴ" አለችኝ። "አቦ ያለኔ ምሳ አይቀምስም። ደውዬ ብላ ብለው ወላሂ እምቢ አለ።"

አቦ የምትለው አባቷን ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው።

ኮምፒውተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ደርቆ አገኘሁት ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ውስጡን የሚሠራውን የሚያሳየውን ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ከፍቼ አነበብኩ። አንድ የጋራ ፎልደር ለመዝጋት ሌላ ኮምፒውተር እስኪመልስለት እየጠበቀ ነበር። ፎልደሩን ያበጀሁት እኔ ነኝ፤ ልክ አመሉ በጀመረበት ሰሞን፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ወረቀቶቼን እንድታትምልኝ ብዬ። የሚጠበቀውም የእኔ ኮምፒውተር ነው፤ ለምሳ ስቸኩል አጥፍቼው የምሄደው። ከሰዓት በኋላ ልሞክር ስመጣማ በርቷል፤ ለምን አይመልስ? አፈርኩ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ፎልደሩን በግድ እንዳላቀቅኩት ኮምፒውተሩ ወጣ። ልነግራት አፌን ስከፍት ምርቃቷን አዥጎደጎደችልኝና ለምሳ ይዛኝ ሄደች።

ሽማግሌው ምሳውን ሳይነኩ ይጠብቁን ነበር። ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው፣ ከጎኑ ሙዝ። ታጥበን እንደጀመርን የዚያ ዕቃ ጥፋቱ የማን እንደነበር ጠየቁኝ። አፌ በሩዝ ተሞልቷል።

ሆዳን ቀደመችኝ። "የኔ ነው፣ አቦ። አዘጋጉን አልቻልኩበትም ነበር፤ እሱ አስተማረኝ።"

ሽማግሌው እሷን አይተው በትዝብት ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቁን ሥጋ ደግሞ ወደ እኔ ገፉልኝ።

በላሁት።