የሂራሳኮ አሮጌ ካርታና ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የጎደለው ግድግዳ

የሂራሳኮ ከተማ አሮጌ ካርታ ጠባቂ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ ካርታው በሚቀመጥበት በቤተ መቅደሱ የኋላ ክፍል
ሰዓት፦ አባላት በሙሉ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ተኩል ተገኝተዋል። ሆኖም ከክብር ቦታው ላይ ማን ይቀመጥ በሚለው ጉዳይ «እርስዎ ይቀመጡ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ» እየተባባሉ ሲግደረደሩ ስለቆዩ ስብሰባው የተጀመረው በስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ቦታው ላይ በመጨረሻ የሻይ ማንቆርቆሪያው ተቀምጧል።

የተገኙ አባላት

1. አቶ ሞሪዋኪ ሺንሳኩ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ሊቀመንበር
2. አቶ ካጋሚ ሪዩሄይ፣ ሳኬ ጠማቂ፣ የሰሜኑ የግንብ ሰፈር ተወካይ
3. አቶ ናሩሴ ካንጂ፣ አናጢ፣ የደቡቡ የነጋዴ ሰፈር ተወካይ
4. አቶ ኢሶጋይ ቶኩዞ፣ ዓሣ ነጋዴ፣ የምሥራቁ የወደብ ሰፈር ተወካይ
5. ወ/ሮ ሳዋታሪ ኪኑ፣ የ83 ዓመት አዛውንት፣ የምዕራቡ የኩማዳኒ መንደር ማኅበር ተወካይ (የማኅበሩ አባላት ብዛት፦ አንድ)
6. አቶ ሂዳካ ሚትሱኦ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ጸሐፊ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ ለአንድ ዓመት ተመርጦ ይኸው አሥራ አንደኛ ዓመቱን ይዟል።

ያልተገኙ

አቶ ኡኦዙሚ በሆድ ሕመም፣ በፈቃድ። አቶ ታጊሪ ከሦስት ዓመት በፊት በሞት የተለዩ ቢሆንም የመልቀቂያ ደብዳቤ ስላላስገቡ ከአባልነት አልተሰረዙም።

ከስምንት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ካርታው አዲሱ የሕዝብ አዳራሽ ውስጥ ሲሰቀል የትኛው ጎኑ ወደ ላይ ይሁን?

ሊቀመንበሩ እንደገለጹት አዳራሹ በዚህ ወር 23 ቀን በክፍለ ሀገሩ ገዥ ይመረቃል። ካርታው ከተማችንንና በዙሪያዋ ያሉትን ሃያ ሁለት መንደሮች ይዞ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት የተሠራ ነው። የዚያን ጊዜ ሹማምንት ወለል ላይ ዘርግተው በአራቱም በኩል ከበው ያዩት ስለነበር፣ በየጎኑ ያለው ጽሑፍ በዚያ በኩል ለተቀመጠው ሰው ብቻ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ባጭሩ ካርታው አናትም እግርም የለውም። ይህን ያስተዋለ ሰው የተገኘው ግድግዳው ከተሠራ በኋላ ነው።

አቶ ካጋሚ ደቡቡ ወደ ላይ እንዲሆን ጠየቁ። አለበለዚያ ሰሜኑ ላይ የተጻፉት የቅድመ አያቶቻቸው ስሞች ተዘቅዝቀው እንደሚሰቀሉ አስረዱ። የሚከተለው ቃል በቃል እንዲመዘገብላቸው ስለጠየቁ ተመዝግቧል።

«አያቶቼ ጦር ሜዳ ላይ እንኳ አልተዘቀዘቁም!»

አቶ ናሩሴ በበኩላቸው ይህ እንዲመዘገብ ጠየቁ።

«ጦር ሜዳ መቼ ደረሱና?»

ሊቀመንበሩ ሥርዓት አስከበሩ። አቶ ናሩሴ ሰሜኑ ወደ ላይ ይሁን ብለው፣ የሳቸውም ሰፈር ነጋዴዎች በጭንቅላታቸው ሊቆሙ እንደማይገባ ተከራከሩ። አቶ ኢሶጋይ ሁለቱንም ታዘቡ።

«እናንተ ብትገለበጡም ብትቃኑም እኛ የወደብ ሰዎች ያው በጎናችን ነን። ሳህን ላይ እንዳለ ዓሣ!»

ወ/ሮ ሳዋታሪም የምዕራብ ሰው በመሆናቸው በጎናቸው እንደሚሆኑ ተነግሯቸው አስተያየት ተጠየቁ። «ለኔ ግድ የለም» ብለው ሻይ ቀዱ።

ሊቀመንበሩ ጎብኚዎች አንገታቸውን እንዲያዞሩ የሚያዝ ማስታወቂያ ይለጠፍ፣ ለጤናም ይረዳል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ደጋፊ አላገኘም። አቶ ናሩሴ ካርታው ጣሪያ ላይ ተለጥፎ ሰው በጀርባው እየተኛ ይየው አሉ። አቶ ካጋሚ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ከነባለቤታቸው ወለል ላይ ሊጋደሙ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ኢሶጋይ «ተኝተው አይደል እንዴ የሚያስተዳድሩን?» በማለታቸው ውይይቱ ለጥቂት ደቂቃ ተቋረጠ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ካርታው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ወራት ሰሜኑ፣ ሙሉ ቁጥር ባላቸው ወራት ደቡቡ ወደ ላይ ሆኖ እንዲሰቀል፣ በየወሩ መጀመሪያም ስምንት ወንዶች ተሰብስበው እንዲያዞሩት በአራት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ተወሰነ። አቶ ካጋሚ ደግፈው ከወሰኑ በኋላ በጣታቸው ቆጥረው፣ ፌብሩዋሪ አጭር በመሆኑ ሰፈራቸው በዓመት ሦስት ቀን እንደተበላ አመለከቱ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

አጀንዳ 2፦ የግድግዳው ማጠር

አቶ ናሩሴ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። እሳቸውም ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው ይቅርታ በመጠየቅ ጀመሩ። ስንት ደቂቃ እንደቆዩ አልተለካም። ቀጥሎ እንደሚታየው በመካከላችን መለካት የሚችል ሰው የለም።

ካርታው በዚህ ክፍል ሲዘረጋ ወርዱ ልክ የሁለት ታታሚ፣ ማለትም የሁለት ወለል ምንጣፍ፣ ርዝመት ነው። አቶ ናሩሴ ይህንን በዓይናቸው ቆጥረው ሄዱና አዳራሹ ውስጥ የሁለት ታታሚ ግድግዳ ሠሩ። ነገር ግን የቤተ መቅደሱ ምንጣፎች በኪዮቶ ልክ የተሠሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከኛ አካባቢ ምንጣፍ በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ስለዚህ ግድግዳው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጎደለው። የግድግዳው ግራ የመውጫ በር፣ ቀኙ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በመሆኑ ማስፋት አይቻልም። ክፈፉና መስታወቱም በግድግዳው ልክ ተሠርተው ደርሰዋል።

ሊቀመንበሩ፦ «ሜትር የለህም እንዴ ካንጂ?»

አቶ ናሩሴ፦ «አለኝ መምህር። ግን ምንጣፍ ተነጥፎ እያለ ሜትር ማውጣት ላናጢ ነውር ነው።»

አቶ ኢሶጋይ፦ «ይኸው አሁን ተከበርክ!»

ካርታው እንዲታጠፍ በመርህ ደረጃ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የት ይታጠፍ የሚለው ግን ስምምነቱን ወዲያው በላው። መሐሉ ይታጠፍ ሲባል አቶ ካጋሚ ግንቡ ያለው መሐል ላይ መሆኑን ጠቅሰው፣ የጌቶቻቸውን ግንብ እንደ ቀሚስ ሽንሽን የሚያደርግ ካለ ለምርቃቱ አንዲት ጠብታ ሳኬ እንደማይልኩ አስታወቁ። ከምሥራቁ ጠርዝ ይታጠፍ ሲባል አቶ ኢሶጋይ ወደቡ ከጠፋ ዓሣውም አብሮ እንደሚጠፋ፣ ገዥው ደረቅ ሩዝ በልተው ሊሄዱ እንደሚችሉ አሳሰቡ። ከሁለቱም ጠርዝ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ይታጠፍ የሚለው ሐሳብ፣ የወደቡን ጀልባዎች ከወገባቸው ስለሚቆርጥ ውድቅ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ መፍትሔ ማግኘታቸውን በደስታ ገለጹ። በምዕራቡ ጠርዝ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው የኩማዳኒ መንደር ብቻ ነው። ኩማዳኒ ደግሞ ከ1957 ጀምሮ ከግድቡ ውሃ ሥር ስለሆነ መታጠፉ ማንንም አይጎዳም አሉ።

ወ/ሮ ሳዋታሪ፦ «መምህር፣ እኔ ታዲያ ማነኝ?»

ሊቀመንበሩ በእማማ ኪኑ ላይ ምንም ቅሬታ እንደሌላቸው፣ እሳቸው የሚኖሩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ከተማ ውስጥ መሆኑን አስረዱ። አቶ ካጋሚም የሌለን መንደር ማጠፍ ካለው መንደር እንደሚሻል አከሉ።

ከአጭር ውይይት በኋላ የካርታው ምዕራባዊ ጠርዝ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ታጥፎ በሙጫ እንዲለጠፍ በአራት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ተወሰነ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው ጸሐፊው ነው። ምክንያት፦ እጁ ብዕር ይዞ ስለነበር አልተነሳም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ሳዋታሪ አንድ ጥያቄ ብቻ እንዳላቸው ገለጹ። ካርታው ከመታጠፉ በፊት አንዴ ተዘርግቶ እንዲያዩት። ተቃውሞ ባለመኖሩ ሣጥኑ ተከፈተ፣ ሻይና ብስኩቱ ተነሳ፣ ካርታው ተዘረጋ። አባላት እንደ ልማዳቸው በየሰፈራቸው በኩል ተንበረከኩ። ወ/ሮ ሳዋታሪ በምዕራብ በኩል፣ በካርታውና በመስኮቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ገቡ። መነጽር አላደረጉም። በጣታቸው ሳይነኩ እያመለከቱ የጅረቱን፣ የእርሻዎቹንና የኮረብታውን ስም በተራ አነበቡ። አቶ ናሩሴ ከማዶ ሆነው ለማንበብ ሞክረው አንገታቸውን አሟቸዋል።

ከዚህ በታች ያለውን የወ/ሮ ሳዋታሪ ቃል ጸሐፊው የመዘገበው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

«ይሄ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጠው ጂዞ ነው፤ የሕፃናት ጠባቂው የድንጋይ ምስል። እርሻችን ዳር ነበር። ልጄ ዮሺ እዚያ ሥር ነው ያለው። ሦስት ዓመቱ ነበር። በኛ መንደር በሕፃንነቱ ለሞተ ልጅ የመቃብር ድንጋይ አይቆምም፣ ጂዞ ሥር ነው የሚቀበር። ግድቡ ሲመጣ መቃብር አንሺዎቹ ድንጋይ እየቆጠሩ አርባ አንድ መቃብር አነሱ። ዮሺ ድንጋይ አልነበረውም። ነገርኳቸው፣ ለመንኳቸው፣ እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። አዲሱን ካርታቸውን አወጡና 'እማማ፣ እዚህ ቦታ በካርታችን ላይ ምንም የለም' አሉኝ። ክረምት ሲመጣ ውሃው ሞላ።»

አቶ ኢሶጋይ ጉንፋን እንደያዛቸው እንዲመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ሊቀመንበሩ ይህን ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተናገሩ ጠየቁ።

«ማን ጠየቀኝና? ካርታው በየዓመቱ እንዳይሻግት በመኸር ሲዘረጋ ቀድሜ መጥቼ ወለሉን የምጠርገው፣ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ትንሽ አብሬው ልቀመጥ ብዬ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ኮሚቴ ላይ የተቀመጥኩት የካንጂና የሪዩሄይ ጭቅጭቅ ናፍቆኝ ይመስልሃል?»

ሊቀመንበሩ እንዳልመሰላቸው ገለጹ።

ከዚያ አቶ ናሩሴ ግድግዳውን ዛሬውኑ አፍርሰው መጸዳጃ ቤቱን ወደ ሌላ ቦታ እንደሚያዛውሩ ተናግረው ለመሄድ ስለተነሱ በእጃቸው ተይዘው ተቀመጡ። አቶ ካጋሚ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ካርታው ድሮውንም የወለል እንጂ የግድግዳ እንዳልነበረ፣ ይህንንም እሳቸው ከመጀመሪያው ሲያስቡት እንደነበር ተናገሩ። ይህ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን አባላት ሳይቃወሙ አሳልፈውታል። ካርታው ከተዘረጋ ገዥው መንበርከክ ሊኖርባቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ደግሞ ያማቸዋል ሲባል አቶ ኢሶጋይ «ይመማቸው» ብለዋል። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ተደግፏል።

ጸሐፊው በአጀንዳ 2 ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው እጁ ብዕር ስለያዘ ሳይሆን ሊቀመንበሩ አስተማሪው ስለነበሩና ስለፈራ እንደሆነ እንዲመዘገብለት ራሱን ጠይቆ፣ ራሱ መዝግቧል። አፍሯል።

የመጨረሻ ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰኑት ሁሉ፣ የሦስቱ ቀናት አቤቱታ ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ካርታው አይሰቀልም፣ አይዞርም፣ አይታጠፍም፣ ሙጫም አይነካውም። በምርቃቱ ቀን አዳራሹ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ ዙሪያውን ለመቀመጥ የሚበቃ ቦታ በአራቱም በኩል ይተዋል። ግድግዳው ባዶውን ይቆያል። አቶ ናሩሴ በየቀኑ እንዲያዩት ተፈርዶባቸዋል።

ስብሰባው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ተዘግቷል። ሲዘጋ ስድስቱም አባላት ካርታው ዘንድ ተንበርክከው ነበር፤ ሆኖም በሰሜን፣ በደቡብና በምሥራቅ በኩል የተቀመጠ አባል አልነበረም።

ጸሐፊ፣ ሂዳካ ሚትሱኦ