ሊቀ እንቅልፍ ፍራሽ ሰሪው

የትም ሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ ውስጡ የሚተኛ አንድ ሰው አይጠፋም። ዘማሪ ሊጎድል ይችላል፣ ሰባኪ ሊታመም ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። የሚተኛው ሰው ግን አይቀርም። ዝናብ አይከለክለውም፣ ጉንፋን አያስቀረውም። ሰዓቱን አክብሮ ይመጣል፣ ቦታውን ይይዛል፣ ይተኛል።

የኛው ሰው ፍራሽ ሰሪ ነው። ሊቀ እንቅልፍ የሚለውን ማዕረግ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁን የተቃወመኝ የለም። ከፊቴ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተኝቷል። ፊቱን መንገድ ላይ ባየው ልስተው እችላለሁ፣ ማጅራቱን ግን ከሺህ ሰው መሃል አወጣዋለሁ።

እንቅልፉ እንደ ተራ ሰው እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ፣ ሥርዓት አለው። መዝሙር ሲዘመር ቆሞ ከልቡ ይዘምራል፤ ድምፁም ደህና ነው። ሰባኪው ጉሮሮውን ሲጠርግ ዓይኑ ይከብዳል። «ዛሬ የምንመለከተው» ሲባል አገጩ ደረቱ ላይ አርፏል። ምን እንደምንመለከት አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም።

ባለቤቱ በክርኗ ትጎስመዋለች።

«አንተ ሰውዬ! ሰው እያየን ነው እኮ!»

«እየሰማሁ ነው።»

«ምን አለ እስቲ?»

«ጥሩ ነገር አለ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መልሱ ይኸው ነው። ደግሞ ውሸት ነው ማለት አይቻልም።

የሚገርመው ይሄ ሰው ቤቱ አይተኛም። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በጀርባው የሚያስተኛ፣ እሱ ግን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር የሚነጋበት ሰው ነው። ሱቁ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ካያችሁት ቅንድቡም ጢሙም ጥጥ ነው። አንድ ፍራሽ ሲሠራ ሦስቱን ጎን ይሰፋና አራተኛውን ሳይዘጋ ራሱ ይጋደምበታል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ እስከ መቶ ይቆጥራል፣ ከዚያ ይነሳና «ወገቡ ላይ ይጎድላል» ብሎ አንድ እፍኝ ጥጥ ይጨምራል። እኔ የምተኛበትም የሱ ሥራ ነው። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ያን አልጋ ሳልጠላው የኖርኩት በዚህ ሰው እጅ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። «አንተ፣ እቤትህ እንዲያ ያለ ፍራሽ እያለህ ምን ሆነህ ነው እዚህ ጣውላ ላይ የምታንኮራፋው?»

«እትዬ፣ ፍራሼ ላይ ስጋደም ስፌቱ ይታየኛል። ጥጡ የት እንደጎደለ ጀርባዬ ይነግረኛል። ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው። እዚህ ግን የኔ እጅ የነካው ነገር የለም። ማንም ምንም አይጠይቀኝም።»

«የእግዚአብሔር ቤት እኮ ነው።»

«ጌታስ ጀልባ ላይ ያን ሁሉ ማዕበል እየሰማ አልተኛም? ያውም ትራስ ተንተርሶ! ትራሱ ተጽፏል እትዬ። የሰፋውን ሰው ስም ነው የዘለሉት።»

እንዲህ በሰላም ስንኖር አዲስ ሰባኪ መጣ። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የቀላ፣ ወረቀቱ በሦስት ቀለም የተሰመረበት። ምን ይወጣለታል፣ ትጉ ነው። በአራተኛው ሰንበት ስብከቱን መሃል ላይ አቆመና ጣቱን ዘረጋ።

«አባባ! እርስዎን ነው! የእግዚአብሔር ቤት መኝታ ቤት አይደለም!»

ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ፍራሽ ሰሪው ተነስቶ ቆመ፣ ጆሮው ፍም መሰለ፣ «ይቅርታ መምህር» አለና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማጅራቱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቀረ።

በሳምንቱም ቀጥ አለ። በሁለት ሳምንቱም። ባለቤቱ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው። ለሃያ ስድስት ዓመት የነበረችው እንቅልፍ ያቺው የእሑዷ ነበረች፣ እሷም ሄደች። ትላንት ያደረገውን ልንገርሽ? ፍራሽ ሰፍቶ፣ አራቱንም ጎን ዘግቶ፣ አጣጥፎ ለደንበኛው አስረከበው።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ጥጡን ረስቶታል!»

እሱ ግን መፍትሔ አግኝቼለታለሁ ባይ ነው። ለአግዳሚዎቹ ሁሉ፣ ለየሰዉ አንድ አንድ፣ መቀመጫ ፍራሽ ሊሠራ ቆረጠ። ለበደሉ ካሣ ነው ብለን አሰብን፤ የነገረን ግን ሌላ ነው። «እስካሁን ራሴን እየቆነጠጥኩ ነው የነቃሁት። የገዛ ሥራዬ ላይ ግን እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቃለሁ። አግዳሚው ላይ ፍራሼን ካነጠፍኩ፣ ሥራ ላይ ሆንኩ ማለት ነው፤ ዳግመኛ አልተኛም። መምህሩም አይከፋ፣ እግዚአብሔርም።»

ያቺን አንዲት ዕረፍቱን በገዛ መርፌው ሰፍቶ ሊዘጋት ነበር። «ተው» አልኩት። አልሰማኝም። አንድ ወር ጥጥ ነደፈ፣ ሰፋ፣ በእያንዳንዱ ላይ ተቀምጦ እስከ መቶ ቆጠረ። ቅዳሜ ከሰዓት አስገባቸው።

እሑድ መጣን። ተቀመጥን። ወይ ጉድ! እንዲያ ያለ መቀመጫ እኔ በዕድሜዬ አላውቅም። ወገቤ ሰላሳ ዓመት የያዘውን ቂም ተወ። ሰባኪው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቻለሁ። «ዛሬ የምንመለከተው» ሲል ግን…

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ፍራሽ ሰሪው ነው፣ ምክንያቱም ነቅቶ የቀረ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሄዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ቀጥሎ መዘምራኑ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ባለቤቱ አፏን ከፍታ አንኮራፋች፤ ሊጎስማት አስቦ ተወው። ሰባኪው ድምፁን ከፍ አደረገ፣ አትሮንሱን በቡጢ መታ፣ አንድ ሕፃን ዞር ብሎ መልሶ ተኛ። በመጨረሻ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«አባባ። እርስዎ ብቻ ቀሩ?»

«አዎ መምህር። እየሰማሁ ነው።»

«ምን አልኩ?»

«የሚርበን የሚያበላን ስላለ ነው፣ የሚጠማን የሚያጠጣን ስላለ ነው፣ የሚደክመን ደግሞ የሚያሳርፈን ስላለ ነው አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡና ወደ ሌላ ነገር ሄዱ። እኔ እዛው ቀረሁ።»

ሰባኪው ከመድረኩ ወረደና አጠገቡ ተቀመጠ። ልጅ መሰለ አለኝ።

«እኔ ጽፌው አለፍኩ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም አባባ። አልጋ ላይ ሆኜ ቃል አርማለሁ። እርስዎ ከፊቴ እንደዚያ ተረጋግተው ሲተኙ ሳይ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ቀናሁ። ለዚህ ነው ያሳፈርኩዎት።»

ሊቀ እንቅልፍ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሰበካትን ስብከት ሰበከ።

«መምህር፣ የኔ ሰውነት ከኔ ቀድሞ ያምናል። እኔ ገና 'እውነት ይጠብቀኛል ወይ? ቤቱስ፣ ልጆቹስ?' እያልኩ ስሟገት፣ እሱ ጥሎኝ ይተኛል። ሌላ ቦታ እንዲህ አያምንም። እዚህ ብቻ ነው።»

ዞር ሲል የሰባኪው ራስ ትከሻው ላይ ወድቋል።

እኔ የነቃሁት እዚህ ጋ ነው። ፍራሽ ሰሪው ወጣቱን ሰባኪ እንዳይቀሰቅስ ትንፋሹን ውጦ ደርቋል። ዓይኑ ደም ለብሷል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በሹክሹክታ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ይሄን ጉድ ከሥሬ ሳቢልኝ።»

በዚህ ጉልበቴ ተንበረከኩ። ቀስ እያልኩ፣ እሱም መቀመጫውን በስንዝር ከፍ እያደረገ፣ ፍራሹን ከሥሩ ሳብኩት። ጣውላው ላይ አረፈ። ተመልሼ ቦታዬን ሳልይዝ ያ ማጅራት ተልፈሰፈሰ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወረደ፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ጭልጥ አሉ።

ቤቱን ሙሉ ትንፋሽ ሞላው። ስብከቱን «አሜን» ብሎ ዘግቶ ሕዝቡን ወደየቤቱ የሚያሰናብት የነቃ ሰው ቢፈለግ፣ ከእኔ በቀር የለም።

አልቸኮልኩም።